የጎደለውን ጎን ከማስላት በፊት፤ ስለ ፒታጎራስ ደንብ አስተማማር

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ከጂኦሜትሪ ትምህርቱ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ የፒታጎራስን ደንብ አይረሳም። ስሙ ሲነሣለት «የሀ ካሬ ሲደመር የለ ካሬ ከመ ካሬ ጋር እኩል ነው» ብሎ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ነገር ግን ቃሉን መድገም አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ጎኖቹ የታወቁለትን ጎነ ሦስት ተቀብሎ ሦስተኛውን ጎን በትክክል ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ታናናሾቻችንን ስናስጠና ደጋግመን እንደ ተመለከትነው፣ ስሕተቱ በአብዛኛው የሚመጣው ማባዛትና መደመር ካለመቻል አይደለም። ተማሪው የጎደለው ጎን የትኛው እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ወደ ሒሳቡ ስለሚሮጥ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ፤ መምህር የማይሆኑትም ታናሽ ወንድምና እኅት ማስጠናታቸው አይቀርም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭና በምን ዐይነት የትምህርት ቅደም ተከተል ሊታረም እንደሚችል ለመግለጽ እንሞክራለን።

፩. ስለ ቃላቱና ስለ ደንቡ

ከሦስቱ ማዕዘኖቹ አንዱ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ይባላል። ቀጤ ማዕዘኑን ግራና ቀኝ የሚያቅፉትን ሁለት ጎኖች በዚህ ጽሑፍ «አቃፊ ጎኖች» እንላቸዋለን። ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ሦስተኛው ጎን ሃይፖቴኑስ ይባላል፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜውም «ከሥር የተዘረጋ» እንደ ማለት ነው። በማናቸውም ጎነ ሦስት ውስጥ ከትልቁ ማዕዘን ፊት ለፊት የሚገኘው ጎን ከሁሉ ይረዝማል። በባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ደግሞ ከ90 ዲግሪ የሚበልጥ ማዕዘን ስለሌለ፣ ሃይፖቴኑሱ ሁልጊዜ ረጅሙ ጎን ነው። ይህን አንድ ነገር ተማሪው አጥብቆ ከያዘ የትምህርቱን ግማሽ ይዟል ማለት ይቻላል።

ደንቡ በቃላት ሲነገር እንዲህ ነው። በሁለቱ አቃፊ ጎኖች ላይ ሁለት ካሬዎች ቢሠሩ፣ የሁለቱ ስፋት ተደምሮ በሃይፖቴኑሱ ላይ ከሚሠራው ካሬ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። አቃፊዎቹ ጎኖች 3 እና 4 ሜትር ቢሆኑ፣ ካሬዎቻቸው 9 እና 16 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ድምራቸው 25 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሃይፖቴኑሱ 5 ሜትር ነው። ደንቡ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ስፋት እንጂ ስለ ርዝመት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ርዝመቱ የሚገኘው መጨረሻ ላይ፣ ከስፋቱ ወደ ጎኑ ስንመለስ ነው።

፪. ስሕተቶቹና ምንጮቻቸው

ሃይፖቴኑሱ 13፣ አንደኛው አቃፊ ጎን 5 የሆነ ጎነ ሦስት ለተማሪ እንስጥና ሦስተኛውን ጎን ፈልግ እንበለው። ብዙ ተማሪ 5ን በ5፣ 13ን በ13 ያባዛል፤ 25ንና 169ን ይደምራል፤ 194 ያገኛል፤ የ194ን ስኩዌር ሩት ወስዶም 13.93 ያህል ነው ብሎ ይጽፋል። በማባዛቱና በመደመሩ አንዳች ስሕተት የለም። ሆኖም ከሁሉ የሚረዝመው ጎን 13 ነው ተብሎ ሳለ ሌላው ጎን ከእርሱ በልጦ ተገኘ። ትክክለኛው መልስ 169 ሲቀነስ 25፣ ይኸውም 144 ነው፤ ጎኑም 12 ነው።

ተማሪው ለምን ደመረ? ምክንያቶቹ ሦስት ይመስሉናል። የመጀመሪያው፣ ደንቡን በፊደል እንጂ በነገር ስላልተማረው ነው። «ሀ» እና «ለ» የተሰጡት ሁለት ቍጥሮች፣ «መ» ደግሞ የሚፈለገው ቍጥር ይመስሉታል። ሁለተኛው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሣለው ጎነ ሦስት ዘወትር አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ነው፤ ቀጤ ማዕዘኑ ከታች በስተግራ፣ ሃይፖቴኑሱ ከላይ በስተቀኝ ያዘነበለ ነው። ሥዕሉ ሲዞርበት ተማሪው ያዘነበለውን መስመር ሁሉ ሃይፖቴኑስ ይለዋል። ሦስተኛው፣ መልመጃዎቹ በየዐይነታቸው ተለይተው ስለሚሰጡ ነው። በመጀመሪያ ሃይፖቴኑስ የሚጠይቁ ዐሥር ጥያቄዎች፣ ቀጥሎም አቃፊ ጎን የሚጠይቁ ዐሥር ጥያቄዎች በተርታ ከቀረቡለት፣ ተማሪው ከላይኛው ጥያቄ የሠራውን ታች ይደግማል እንጂ መምረጥን አይማርም።

ከዚህ ሌላ ሦስት ትንንሽ ስሕተቶች አሉ። አንዱ ርዝመቶቹን ራሳቸውን መደመር ነው፤ 3 እና 4 ተደምረው 7 ይሆናሉ ማለት ነው። ሁለተኛው ካሬ ማድረግን በ2 ከማባዛት ጋር ማምታታት ነው፤ የ5 ካሬ 25 መሆኑ ቀርቶ 10 ይሆናል። ሦስተኛው ስፋቱን አግኝቶ እዚያው መቆም ነው፤ የጎኑ ርዝመት 144 ነው ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ሦስቱም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ተማሪው ካሬውን በዐይኑ አላየውም።

፫. የምናቀርበው ቅደም ተከተል

በእኛ አስተያየት ተማሪው አንዲት ቍጥር ከማባዛቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ቀጤ ማዕዘን አለ ወይ? የትኛውስ ነው? ደንቡ የሚሠራው ቀጤ ማዕዘን ባለበት ብቻ ነው። መምህሩ አልፎ አልፎ 5 እና 6 የሆኑ ሁለት ጎኖች ብቻ ያሉትን፣ ስለ ማዕዘኑ ምንም ያልተነገረለትን ጎነ ሦስት ሠርቶ ሦስተኛውን ጎን ቢጠይቅ መልካም ነው። «በተሰጠን ብቻ ሊታወቅ አይችልም» የሚል ተማሪ ከሁሉ የበለጠ መልስ ሰጥቷል።

ሁለተኛ፣ የጎደለው ጎን ሃይፖቴኑሱ ነው ወይስ አቃፊ ጎን? ለዚህ ልምምድ ቍጥር አያስፈልግም። መምህሩ ሰባት ስምንት ጎነ ሦስቶችን በልዩ ልዩ አቅጣጫ አዙሮ ይሣል፤ ተማሪዎቹም በየሥዕሉ ቀጤ ማዕዘኑን አግኝተው ከፊት ለፊቱ ያለውን ጎን በቀለም ያቅልሙ። ይህ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ሦስተኛ፣ መልሱ በየትኞቹ ቍጥሮች መካከል መገኘት አለበት? ሃይፖቴኑሱ ከሁለቱ አቃፊ ጎኖች ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል፤ ነገር ግን ከድምራቸው ያንሳል፤ በአቋራጭ የሚሄድ ሰው ዞሮ ከሚሄደው ሰው ያነሰ መንገድ ይሄዳልና። እንደዚሁም የጎደለው አቃፊ ጎን ከሆነ፣ ከሃይፖቴኑሱ ያንሳል፤ ሃይፖቴኑሱ ሌላውን አቃፊ ጎን ከሚበልጥበት ልዩነት ግን ይበልጣል። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ መልሱ ከ8 የሚበልጥ፣ ከ13 የሚያንስ መሆን አለበት ማለት ነው። ተማሪው ይህን በደብተሩ ዳር አስቀድሞ ከጻፈ፣ 13.93 ሲመጣበት መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ እስኪያነሣ አይጠብቅም፤ ራሱ ይሰርዘዋል።

ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ካሬዎቹን መሣል ይከተላል። በሦስቱም ጎኖች ላይ ካሬ ይሠራል፤ የታወቁት ስፋቶች በየካሬው ውስጥ ይጻፋሉ። በረጅሙ ጎን ካሬ ውስጥ 169፣ በአንደኛው አቃፊ ጎን ካሬ ውስጥ 25 ተጽፎ ሲያይ፣ የቀረው ካሬ 144 መሆኑን ለመናገር ቀመር አያሻውም። ትልቁ ካሬ የሁለቱ ትንንሾች ድምር ነው፤ አንዱ ትንሽ ከጠፋ ከትልቁ ላይ ይቀነሳል። ፊደሎቹ «ሀ»፣ «ለ» እና «መ» መምጣት ያለባቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ እነርሱም ተማሪው አስቀድሞ የተረዳውን ነገር በአጭሩ የሚጽፍባቸው ይሆናሉ።

፬. ተማሪው ደንቡን ለምን ይመነው?

መምህሩ ስለ ነገረው ብቻ የተቀበለውን ነገር ተማሪው በፈተና ማግስት ይረሳዋል። ማረጋገጫው ግን በካርቶንና በመቀስ ሊሠራ የሚችል ነው። ጎኖቻቸው 3፣ 4 እና 5 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት እኩል ጎነ ሦስቶች ይቈረጡ። ጎኑ 7 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬም በወረቀት ላይ ይሠራ፤ ስፋቱ 49 ነው። አራቱ ጎነ ሦስቶች ቀጤ ማዕዘኖቻቸውን በካሬው አራት ማዕዘኖች ላይ አድርገው፣ የአንዱ 3 ከሌላው 4 ጋር እየተያያዘ ዙሪያውን ሲቀመጡ፣ መካከሉ ላይ ጎኑ 5 የሆነ ያዘነበለ ካሬ ባዶ ይቀራል። የእያንዳንዱ ጎነ ሦስት ስፋት 6፣ የአራቱም 24 ስለ ሆነ፣ ባዶው 25 ነው።

አሁን ያንኑ አራቱን ጎነ ሦስቶች ሁለት ሁለቱን አጋጥመን ባለ 3 በ4 ሁለት አራት ማዕዘኖች እናድርጋቸው፤ በካሬው ተቃራኒ ማዕዘኖችም ላይ እናስቀምጣቸው። የሚቀሩት ባዶ ቦታዎች አንዱ 3 በ3፣ ሌላው 4 በ4 የሆኑ ሁለት ካሬዎች ናቸው። ውጪው ካሬ አልተለወጠም፤ ጎነ ሦስቶቹም አልተለወጡም፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ በፊትም ሆነ በኋላ እኩል ነው። 25 ከ9 እና ከ16 ድምር ጋር እኩል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ3 እና በ4 ፈንታ ሌላ ማናቸውም ቍጥር ቢገባ ነገሩ አይለወጥም፤ የጎነ ሦስቱ ሁለት ሹል ማዕዘኖች ሁልጊዜ ተደምረው 90 ዲግሪ ስለሚሆኑ፣ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ሁልጊዜ ካሬ ነው።

ማረጋገጫው ይህ አንዱ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ኤሊሻ ስኮት ሉሚስ የሰበሰባቸው ማረጋገጫዎች እ.ኤ.አ. በ1940 በታተመው ሁለተኛ እትም ከ350 በላይ ነበሩ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ጋርፊልድም እ.ኤ.አ. በ1876 የራሱን ማረጋገጫ አሳትሟል።

፭. የጥንት መምህራን ምን ጠየቁ?

ደንቡ በፒታጎራስ ስም ቢጠራም ከእርሱ እጅግ ይቀድማል። ፒታጎራስ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቈጠረ አንድ የባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ ግን በግድግዳ ላይ ስለ ቆመ ምሰሶ ይጠይቃል። ምሰሶው 30 መስፈሪያ ይረዝማል፤ ጫፉ 6 መስፈሪያ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ እግሩ ከግድግዳው ምን ያህል ራቀ? ጫፉ አሁን በ24 ከፍታ ላይ ነው። የ30 ካሬ 900፣ የ24 ካሬ 576 ነው፤ ልዩነቱ 324 ነው፤ መልሱም 18 ነው። እንግዲህ ያ የጥንት መምህር ለተማሪዎቹ የሰጣቸው ጥያቄ የጎደለውን አቃፊ ጎን የሚያስፈልግ፣ መቀነስን የሚጠይቅ ነበር። የምሰሶው ነገር በዐይን የሚታይ ስለ ሆነም፣ ረጅሙ ጎን ምሰሶው መሆኑን ማንም አይስተውም።

እኛም በቦታችን ተመሳሳይ ጥያቄ ማቅረብ እንችላለን። 6.5 ሜትር የሚረዝም መሰላል እግሩ ከግድግዳው 2.5 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ጫፉ ግድግዳውን በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ይነካል? የሚደምር ተማሪ 6.96 ሜትር ያህል ያገኛል፤ መሰላሉ ከራሱ ርዝመት አልፎ ወጣ ማለት ነው። የሚቀንስ ተማሪ 42.25 ሲቀነስ 6.25፣ ማለት 36 ያገኛል፤ መልሱም 6 ሜትር ነው። መሰላል ላይ የወጣ ልጅ የመጀመሪያውን መልስ ስቆ ይተወዋል።

፮. ግንበኛውና የደንቡ መልስ

ከደንቡ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በጻፈው መጽሐፍ በመጀመሪያው ክፍል ደንቡን በ47ኛው ተራ ቍጥር ካረጋገጠ በኋላ፣ በ48ኛው ደግሞ ተገላቢጦሹን አረጋግጧል። ይኸውም የሁለት ጎኖች ካሬዎች ድምር ከሦስተኛው ጎን ካሬ ጋር እኩል ከሆነ፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ማዕዘን ቀጤ ነው ማለት ነው።

የቤት መሠረት የሚያወጣ ግንበኛ የሚጠቀመው በዚህ በተገላቢጦሹ ነው። ችካል ተክሎ ሲባጎ ይወጥራል፤ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ሲባጎውን ያንቀሳቅሳል። ይህ 5 ሜትር በስሕተት 5.10 ቢሆን ምን ይመጣል? ማዕዘኑ 90 መሆኑ ቀርቶ 92.4 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ 10 ሜትር በሚረዝም ግድግዳ ላይም ጫፉ ከሚገባው ቦታ 42 ሳንቲሜትር ያህል ወጥቶ ይገኛል። ዐሥር ሳንቲሜትር የማትሞላ ቸልታ የለም ማለት ነው። ክፍሉ ይጣመማል፤ ቆርቆሮውም ዳርና ዳሩ አይገጥምም።

ስለዚህ አንዱን የትምህርት ሰዓት ከክፍል ወጥቶ በሜዳ ላይ በሲባጎና በችካል ማሳለፍ ጊዜ ማባከን አይደለም። ተማሪው ግንበኛው በእጁ የሚያውቀውና መምህሩ በሰሌዳ የሚጽፈው አንድ ነገር መሆኑን ይረዳል፤ የእጅ ሥራ ባለሙያንም በሌላ ዐይን ማየት ይጀምራል። መምህሩ ግን ልዩነቱን ማስረዳት አለበት፤ በደብተር ላይ ማዕዘኑ ታውቆ ጎኑ ይፈለጋል፤ በሜዳ ላይ ጎኖቹ ታውቀው ማዕዘኑ ይፈለጋል።

፯. ስለ ቍጥሮች አመራረጥና ስለ ቋንቋ

መልሳቸው ሙሉ ቍጥር የሚሆን ሦስት ሦስት ቍጥሮች ለጀማሪ ይመቻሉ፤ 3፣ 4፣ 5፤ 5፣ 12፣ 13፤ 8፣ 15፣ 17፤ 7፣ 24፣ 25 እንደ ምሳሌ ይሆናሉ። ነገር ግን እነዚህን ብቻ መስጠት አደጋ አለው። ተማሪው 4 እና 5 ባየ ቍጥር «የቀረው 3 ነው» ብሎ ከቃሉ ይመልሳል። አቃፊዎቹ ጎኖች 4 እና 5 ከሆኑ ግን ሃይፖቴኑሱ የ41 ስኩዌር ሩት፣ ማለት 6.40 ያህል ነው። እንደዚሁም ሃይፖቴኑሱ 4፣ አንዱ አቃፊ ጎን 3 ቢሆን፣ የቀረው ጎን የ7 ስኩዌር ሩት ነው። ይህን በእጅ መገመት አያዳግትም፤ የ2.6 ካሬ 6.76፣ የ2.7 ካሬ 7.29 ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከሁለቱ መካከል፣ 2.65 አጠገብ ይገኛል። ካልኩሌተር ያለው ተማሪም ይህን ግምት መተው የለበትም፤ ካልኩሌተሩ የተሳሳተውን 13.93 ያለ ምንም ማንገራገር ይሰጠዋልና።

ሁለቱ አቃፊ ጎኖች 1 እና 1 ሲሆኑ የ2 ስኩዌር ሩት ይመጣል፤ ይህም ተጽፎ የማያልቅ ቍጥር ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ሌላ የባቢሎን ሸክላ ይህን ቍጥር ከነጥብ በኋላ እስከ አምስተኛው አኃዝ ድረስ በትክክል፣ 1.41421 ብሎ ከሚጻፈው ጋር በሚስማማ ልክ ይሰጣል። ተማሪው መልሱ «አልደርስ» ሲለው የእርሱ ጥፋት እንዳይመስለው ይህን ቢነግሩት ይበረታታል።

የቋንቋውንም ነገር ማንሣት ይገባል። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። «ሃይፖቴኑስ» የሚለው ቃል ከአዲስ ቋንቋና ከአዲስ ደንብ ጋር በአንድ ቀን ሲመጣበት፣ ተማሪው ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ይጥላል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ «ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን» ብሎ ያሳየው፤ ልጁም በጣቱ ይጠቁመው፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የተረዱትን ነገር በባዕድ ስም መጥራት ቀላል ነው፤ ያልተረዱትን ነገር ግን በገዛ ቋንቋ ቢጠሩትም አይገባም።

፰. ማጠቃለያ

ከላይ የተናገርነው በአጭሩ ይህ ነው። የፒታጎራስ ደንብ ሁለት ዐይነት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ በአንዱ ይደመራል፣ በሌላው ይቀነሳል። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ቀመሩ አይደለም፤ ሥዕሉ ነው። ስለዚህ ቀጤ ማዕዘኑን መፈለግ፣ የጎደለውን ጎን መለየት፣ መልሱ የሚወድቅበትን ወሰን መናገር፣ ካሬዎቹን መሣል፤ እነዚህ አራቱ ከሒሳቡ ይቅደሙ። መልመጃዎቹም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተደባልቀው ይሰጡ።

ይህ አካሄድ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ መምህሩም በሰዓቱ ውስጥ ከሃያ ጥያቄ ይልቅ ስድስት ብቻ ሊያሠራ ይችላል። ነገር ግን የትምህርቱ ዓላማ ተማሪው ያገኘው መልስ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን በራሱ እንዲመዝን ማስቻል ነው። የገዛ መልሱን መርምሮ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ የሚሰርዝ ልጅ ከፒታጎራስ ደንብ የሚበልጥ ነገር ተምሯል።